ደሞዝ ስንት ነው ሲባል እውነቱን መናገር ይሻላል ወይስ መሸሽ?

ወር ጠባቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። "ሴትን ዕድሜዋን፣ ወንድን ደሞዙን አይጠይቁም" ይባላል እንጂ እኛ ጋ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። የቅጥር ደብዳቤው ላይ 20,000 ብር መሠረታዊ ደሞዝ የተጻፈለት ሰው ለዘመድ ስንት ይበል? ለአዲስ ቀጣሪስ? ለመሆኑ እውነተኛው ቁጥር የትኛው ነው? ባንክ የሚገባው 20,000 አይደለም። የምታውቁ በቁጥር አስረዱን።

ፔይሮል፦
ከመጨረሻው ልጀምር፣ ሌላው ሁሉ እሱ ላይ ስለሚቆም። በአዋጅ 1395/2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር መሠረት ከ14,000 ብር በላይ የሆነ ደሞዝ በ35% ተባዝቶ 2,050 ይቀነስለታል። 20,000 × 35% = 7,000፤ ሲቀነስ 2,050፣ ግብሩ 4,950 ነው። ጡረታ 7%፣ ማለትም 1,400። እጅ የሚገባው (ኔት፣ የተጣራው) 13,650።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጡረታውን መጀመሪያ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ሲያሰላ ነው። አይደለም፤ ሁለቱም የሚታሰቡት በሙሉው 20,000 ላይ ነው። አሠሪው የሚያዋጣው 11% ደግሞ ከራሱ ኪስ ነው፣ ከደሞዝህ አይነካም።

ስለዚህ 20,000ም 13,650ም እውነት ነው። ለዘመድና ለጓደኛ መንገር ካስፈለገ ኔቱን ተናገር፣ አልዋሸህም። ለቀጣሪ ግን ኔት አትናገር፤ ለምን እንደሆነ የቅጥር ሰዎች ይንገሩህ።

ቅጥር ክፍል፦
እሺ፣ ልንገርህ። ቀጣሪ "አሁን ስንት ይከፈልሃል?" ሲል ቁጥር ማሳበጥ አያዋጣም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሥራውን ዓይነት፣ የቆይታ ጊዜውንና ይከፈል የነበረውን ደሞዝ ይገልጻል። አፍህ 28,000 ብሎ ደብዳቤው 20,000 ካለ ጉዳዩ የገንዘብ መሆኑ ይቀርና የታማኝነት ይሆናል።

ነገር ግን የአሁኑን መናገር የግድ አይደለም። ጥያቄውን ወደ ፊት ማዞር ይቻላል፦ "ለዚህ ቦታ የምጠብቀው መሠረታዊ ደሞዝ ከዚህ እስከዚህ ነው፣ ያልተጣራ።" "ያልተጣራ" የምትለዋን ቃል አትዝለላት። አንድ ሰው በልቡ ኔት ይዞ "25,000 እፈልጋለሁ" ይላል፣ ቀጣሪው ግሮስ (ያልተጣራ) አድርጎ ይጽፈዋል። በወሩ መጨረሻ የሚደርሰው 16,550 ነው። 8,450 ብር የጠፋው በአንድ ቃል ነው።

ወደ ኋላ ማስላት ቀላል ነው። የምትፈልገው ኔት ከ10,170 ብር (የ14,000 ደሞዝ ኔት) በላይ ከሆነ 2,050 ቀንስና ለ0.58 (35% ግብርና 7% ጡረታ ሲቀነሱ የሚቀረው 58%) አካፍል። ኔት 20,000 ለማግኘት፦ 17,950 ÷ 0.58 = 30,948 ገደማ። አበልን ለብቻ አስቀምጥ። የጡረታ መዋጮ የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ስለሆነ አበል ተደምሮበት ያማረ ቁጥር አያታልልህ።

ዝም በሉ፦
ይህ ሁሉ ስሌት ለምን? ለጠየቀ ሁሉ ግማሹን መናገር ነው። አለቀ።

ነገረ ፈጅ፦
አላለቀም። ለጎረቤትና ለአከራይ "ተመስገን፣ ከወር ወር ያደርሳል" ማለት እየተቻለ የውሸት ቁጥር ምን ያደርጋል? ቁጥር ከሰጠህ ለማን ምን እንዳልክ ማስታወስ ሊኖርብህ ነው። ለትዳር ጓደኛ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም፤ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213/1992) በጋብቻ ውስጥ የሚገኝ ደሞዝ የጋራ ሀብት ነው፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ገቢውን ማሳወቅ አለበት።

ዘመድ ሲጠይቅ ግን ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ጥያቄ ለዩ። ብዙ ጊዜ ዋስ ፍለጋ ነው። የዘመድ ልጅ በገንዘብ ያዥነት ወይም በንብረት ክፍል ሊቀጠር ነው፣ ድርጅቱ ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ ብሎታል፣ አጎት ደግሞ ቤተሰቡ ውስጥ ማን ስንት እንደሚያገኝ እየቆጠረ ነው። ደሞዝህን መደበቅ እዚህ ላይ አያድንህም። ዋስ ለመሆን እሺ ካልክ መሥሪያ ቤትህ ደሞዝህን ጠቅሶ ደብዳቤ ይጽፋል፣ የደበቅከው ያኔ ይወጣል። እምቢ የምትለው ዋስትናውን ይሁን፣ እሺ ካልክም ወረቀቱን በደንብ አንብብ፦

የዋስትናው ጣሪያ በብር መጻፍ አለበት። መጠኑ ያልተገለጸ ዋስትና ውጤት የለውም (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922)። "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ሐረግ ካለ ደግሞ ልጁ ሳይጠየቅ አንተ በቀጥታ ልትከሰስ ትችላለህ። ያንን ሳታይ አትፈርም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከዚህ ማዶ፣ አሜሪካ ላላችሁም ልጨምር። ሜሪላንድ ከኦክቶበር 2020፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከጁን 30 ቀን 2024 ጀምሮ አሠሪ አመልካችን "በፊት ስንት ይከፈልህ ነበር?" ብሎ እንዳይጠይቅ ከልክለዋል። እዚያ ለሚያመለክት ሰው "የቦታው ደሞዝ ከስንት እስከ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከሥራ ባልደረባ ጋር ስለ ደሞዝ ማውራት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ ሱፐርቫይዘርንና በኮንትራክተርነት የሚሠራን ግን አይሸፍንም።

ከአገር ቤት ለሚመጣው ጥያቄ፦ በሰዓት 20 ዶላር ማለት በ2,080 ሰዓት በዓመት 41,600፣ በወር 3,466 ነው። ሰሚው ይህን በምንዛሪው ያባዛዋል፣ ኪራይ መቀነስ ግን አይታየውም። መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (የጡረታና የጤና መድን መዋጮ) 7.65% (265 ዶላር) ይወስዳሉ፣ ከዚያ የፌዴራልና የስቴት ታክስ፣ ከዚያ ኢንሹራንስ፣ ከዚያ ቤት ኪራይ። የሰዓት ክፍያህን ከመናገር "በየወሩ ልልክ የምችለው ይህን ያህል ነው" ማለት ይሻላል። ሰውየውም ማወቅ የፈለገው እሱን ነው።

ወር ጠባቂ፦
አመሰግናለሁ። ልሞክረው እስቲ፦ ኔት 16,000 ብፈልግ፣ 13,950 ÷ 0.58 = 24,052። ልክ ነኝ?

ቅጥር ክፍል፦
ልክ ነህ። ግን 24,052 አትበል፣ ከ25,000 ጀምር፤ ማውረዳቸው አይቀርም። ደብዳቤው ሲመጣ ከቁጥሩ አጠገብ "መሠረታዊ ደሞዝ" የሚል ከሌለና "ጠቅላላ ክፍያ" ብቻ ከተጻፈ፣ ከዚያ ውስጥ አበሉ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እስኪነግሩህ አትፈርም።