ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እየነቃሁ ተቸገርኩ፤ ጭንቀት ይሆን?

ባለሱቋ (ደብረ ማርቆስ)፦ እንደምን ናችሁ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ሲል ዓይኔ ይፈጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። ጠዋት መንጋጋዬ ደርቆ አፌን መክፈት ያቅተኛል። ቀን ደግሞ ልቤ ድንገት ድው ድው ይላል። ትናንት ወጡ ላይ ሁለቴ ጨው ጨምሬ ልጄ «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» ብትለኝ ጮኽኩባት። ምን አጠፋች? ባለቤቴ ባሕር ዳር ነው የሚሠራው። ሱቁም፣ ልጆቹም፣ ዕቁቡም እኔው ላይ ነው። እናቴ ዓይን ነው ትላለች፣ ጎረቤቴ ጨጓራ። ጭንቀት ሰውን እንዲህ ያደርጋል?

የቡሬው፦ አይዞሽ እህቴ። እኔም በጨጓራ ስም ስንት ኪኒን ዋጥኩ። ነገሩን ያወቀብኝ የጥርስ ሐኪም ነው፤ «ሌሊት ጥርስህን ታፋጫለህ፣ ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ። እስኪ አሁን ይህን ስታነቢ ጥርስሽ ገጥሟል? ሥራ ሲፈታ ከንፈር ይገጥማል እንጂ ጥርስና ጥርስ አይነካካም። እኔ በቀን አሥር ጊዜ ራሴን እይዘዋለሁ።

ነርስ ነኝ (ፍኖተ ሰላም)፦ አዎ፣ ያደርጋል። አደጋ የመጣ ሲመስለው ሰውነት አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ሆድ ይረበሻል። ጅብ ሲያባርርሽ ይህ ይጠቅማል። የዕቁብ ቀንን ግን ሮጠሽ አታመልጪውም። ቢሆንም ሳትመረመሪ ጭንቀት ነው ብለሽ አትደምድሚ። ደም ማነስም ልብ ያስመታል። እንቅርት ሆርሞን ሲያበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ያልባል፣ እየበሉ ያከሳል። ደምሽንና ግፊትሽን አስለኪ። ደረት ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይ ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ፣ ወይ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ነገ ሳትዪ ሐኪም ቤት ሂጂ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ቢመጣም እንደዚያው።

የዳንግላ ልጅ፦ ቡና ስንት ሰዓት ነው የምትጠጪው?

ባለሱቋ፦ ማታ 12 ሰዓት፣ ሱቅ ዘግቼ ከጎረቤቴ ጋር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱንም።

የዳንግላ ልጅ፦ በይ እንግዲህ! የጠጣሽው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ስትተኚ ገና ግማሹ አብሮሽ ነው። ቡናውን አትተዪው፤ ወሬው ራሱ መድኃኒት ነው። ወደ 8 ሰዓት አምጪው፣ ማታ ጦስኝ አፍልታችሁ ተጫወቱ።

ደጀን ላይ፦ እኔ ሁለት መለኪያ አረቄ ግጥም አድርጌ ነው የምተኛው 😀

ነርስ ነኝ፦ እሱን ምክር ለራስህ ያዘው። አረቄ ቶሎ ያስተኛል፤ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን ይቀሰቅሳል።

መምህሩ (ቢቸና)፦ እናትሽን ዓይን አይደለም ብለሽ አትሟገቻቸው። ጸበሉንም ሂጂ፣ ምርመራውንም ተመርመሪ። እኔን የረዳኝ ደብተር ነው። ከመተኛቴ በፊት የሚከነክነኝን እጽፋለሁ፤ በአንድ በኩል ነገ የምሠራውን፣ በሌላው በኩል በእጄ ያልሆነውን። ሌሊት ስትነቂ ሰዓት አትዪ፣ ስልክም አትክፈቺ። በአፍንጫሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ። አምስት ደቂቃ ያህል። መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል፣ አልዋሽሽም።

ባለሱቋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦ ተመርምሬ ደም ማነስ ተገኘብኝ፤ እንቅርቱ ደህና ነው ተባልኩ። የብረት ኪኒን ጀምሬያለሁ። ቡናው 8 ሰዓት ሆነ። ጎረቤቴ መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፣ አሁን ቁርሱን ይዛ ትመጣለች። መንቃቱ ጨርሶ አልቀረም፤ ግን በሳምንት ሁለቴ ቢሆን ነው። ልጄንም ይቅርታ ጠየቅኳት። ዕቁቡን ለባለቤቴ አስረከብኩት። አሁን ሌሊት 9 ሰዓት የሚነቃው እሱ ነው።