ዛንዚባር ለተፈጥሮ ብቻ ብንሄድ የቱ ጋ እንረፍ? እናቴም አብራን ናት

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም አቦ። እኔና ባለቤቴ እናቴን ይዘን ዛንዚባር ለ6 ቀን ልንሄድ አስበናል። እናቴ ድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ ዳር ተወልዳ ያደገች ናት፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋውን ነው የምታየው፣ ባህር በአይኗ አይታ አታውቅም። ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መሄድ አትችልም። የሆቴል ገንዳና ጭፈራ አንፈልግም፣ ባህሩን ጫካውን እንስሳቱን ነው ማየት የምንፈልገው። ፎቶ ሳይ ግን ሁሉም ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውሃ ነው፣ መለየት አቃተኝ። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሚያዝያ ላይ ነው ያሰብነው፣ ያኔ ረከስ ይላል። ምስራቁ ይሻላል ሰሜኑ? የሄዳችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ጁገል 5 በር፦
ወንድሜ መጀመሪያ ሚያዝያን ተወው። የረከሰው በምክንያት ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናባቸው ነው፣ ጀልባ ቢቀር እናትህን ክፍል ውስጥ ይዘህ ልትቀመጥ ነው። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ደረቅና ነፋሻ ነው፣ የኛ ክረምት ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ማንም ሳይነግረኝ የሄድኩት ነው። ምስራቁ ጋ ፓጄ ነበር የያዝኩት፣ ፎቶው ላይ ባህሩ በሩ ስር ነው። ጠዋት ተነስቼ መጋረጃውን ስገልጥ ባህር የለም። ወላሂ የለም! እርጥብ አሸዋ፣ የተጋደሙ ጀልባዎች፣ በጣም ሩቅ ደግሞ ማዕበሉ ኮራሉ (የባህር ውስጥ ቋጥኝ) ላይ ሲሰበር ነጭ መስመር ይታያል፣ በቃ። ሆቴሉ ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት ብዬ በጣም ነው የተናደድኩት። በኋላ ሲገባኝ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ከሙላት እስከ ጉድለት 6 ሰዓት ያህል ነው፣ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ይገፋል። ምስራቁ ጥልቀት ስለሌለው ውሃው ሲሸሽ እስከ ኮራሉ ድረስ ነው የሚሸሸው። ሰሜን ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ቶሎ ስለሚጠልቅ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ይቻላል።

እና ቀን ስትመርጥ ጨረቃዋን እይ። የሂጅራ ካላንደር (በጨረቃ የሚቆጠረው) ያለው ሰው ቤት ግባና ቁጠር፣ ወሩ 1 እና 15 አካባቢ ሙላቱም ጉድለቱም ይበረታል፣ ልዩነቱ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ 8 እና 22 አካባቢ ደግሞ ረገብ ይላል።

ግን ጎደለ ብለህ ደግሞ ክፍል አትግባ! እኔ ደሴቱን የወደድኩት ያኔ ነው። የመንደሩ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ይወርዳሉ፣ አሸዋው ላይ በተተከለ እንጨት መሀል ገመድ ተወጥሯል፣ ገመዱ ላይ የባህር አረም በትንንሽ ክር እየታሰረ ይበቅላል፣ ሲደርስ ለቅመው አድርቀው ይሸጡታል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኗል። ኮንጎ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ውሃው ውስጥ እንደ ጃርት እሾህ ያለው ጥቁር ነገር አለ፣ ከረገጥከው ለቀናት ያነክስሃል።

የመጋላዋ፦
እኔ ስለ እናትህ ልናገር፣ የኔንም እናት ወስጃት ስለነበር። ጆዛኒ ጫካ አስገባት፣ እንዳትሰጋ፣ ጦጣዎቹን ለማየት ብዙ አይኬድም፣ መንገዱ ዳር ድረስ ይመጣሉ። ጀርባቸው ቀይ ነው፣ ከዛንዚባር ሌላ የትም አገር የሉም፣ የኛ ጉሬዛ ዘመዶች ናቸው፣ እንደ ጉሬዛም አውራ ጣት የላቸውም። አንዷ ልጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቅጠል ስትመርጥ እናቴ ዝም ብላ ቆማ ስታያት ቆየች። ከዛ ማንግሮቩ ጋ የእንጨት መተላለፊያ ተሰርቷል፣ ስሩ ከጭቃው ወጥቶ እንደ እግር የቆመ ዛፍ ነው። ብቻ እንዳትነኳቸው እንዳታበሏቸውም እባካችሁ።

የቅመም እርሻም አይቅር። ቅርንፉድ ማለት ለካ ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ ነው፣ አረንጓዴው መቅላት ሲጀምር ይለቀምና ፀሀይ ላይ ተሰጥቶ ይጠቁራል። ስንት ዘመን ሻይ ውስጥ ስትጨምረው የኖረችውን ነገር እናቴ ከዛፉ ቀጥፋ ስታሸተው ማየት ነበረባችሁ።

ኪዚምካዚ የሚባል መንደር ጋ ዶልፊን ላሳያችሁ የሚሏችሁን ግን አስቡበት፣ ብዙ ጀልባ ተሰብስቦ ከበው ሲያሳድዷቸው አይቻለሁ፣ ልቤን ነው የሰበረው።

ከዚራ፦
ዋሪያ ብር ካጠረህ እኮ ጅቡቲም ደሴት አለ። በባቡር ገብተህ ከከተማው በጀልባ ሙሻ ደሴት ትሄዳለህ፣ ኮራልና ማንግሮቭ እዛም አለ፣ ለስኖርክሊንግ (በቱቦ እየተነፈሱ ውሃ ስር ለማየት) አሪፍ ነው። ከህዳር እስከ የካቲት ግን ካልሆነ እንዳትሞክረው፣ በሙቀቱ ወራት የድሬ ሙቀት እዛ ጋ ነፋሻ ነው የሚባለው። ጫካ ከፈለግክ ግን ዛንዚባር ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ ሁላችሁንም። ኤሊዎቹ ያሉበት ደሴትስ ለእናቴ ይሆናል? ጀልባው ላይ መውጣት ያስቸግራታል ብዬ ነው።

ጁገል 5 በር፦
ቻንጉ ነው የምትለው። ከስቶን ታውን (የዛንዚባር የድሮው ከተማ) ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ኤሊዎቹ ዘራቸው እ.ኤ.አ. በ1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጣ ነው፣ እድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተፅፏል። ጀልባው ጋ ግን ውሃ ውስጥ ገብተህ ነው የምትሳፈረው፣ ስለዚህ ውሃው ሲሞላ ተነሱ፣ ያኔ ጀልባው እስከ አሸዋው ይጠጋል። ለእናትህ በርጩማ ነገር አስይዝ።

የሰዓት ነገር ደግሞ፣ ስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ነው። ባለጀልባው በቋንቋው 2 ሰዓት ካለህ የኛው ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ በእንግሊዝኛ ከነገረህ ግን የፈረንጁ ነው፣ የቱን እንደሆነ ጠይቀው።

የመጋላዋ፦
የቢጫ ወባ ካርድ ደግሞ አትርሱ፣ ከኢትዮጵያ ስለምትገቡ ይጠይቋችኋል፣ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ተከተቡ። የደሴቱን የጉዞ ኢንሹራንስም ቀድማችሁ ኦንላይን ግዙ፣ 44 ዶላር ነው በሰው።

የሳቢያን ልጅ፦
ጎረቤታችን ቤት ገብቼ ካላንደሩን ከሷ ጋር ቆጠርን። ወደ ሐምሌ ገፍተነዋል። የጨረቃዋ ወር 10 ሲል ገብተን አራት ሌሊት ኬንድዋ፣ ውሃው ረጋ ባለበት እናቴ እግሯን ትነክራለች። 14 ላይ ወደ ፓጄ እንዞራለን፣ ባህሩ ሲሸሽ እንድታየው። ለእናቴ ነገርኳት፣ "የት ነው የሚሄደው?" አለችኝ።