ጭንቀቴ ልጄ ላይ እየታየ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ናችሁ? ግራ ቢገባኝ ነው የምጽፈው። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል። ትናንት ማታ የቤት ሥራ ስትሠራ አንዲት «ሀ» ጠመመችብኝ ብላ ስታጠፋ ስትጽፍ፣ ስታጠፋ ስትጽፍ ወረቀቱ ተቀደደ፤ ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ቆሜ ሳያት ራሴን ያየሁ መሰለኝ።

እኔ ከድሮም ጭንቀታም ነኝ። በሩን ቆልፌ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ የማረጋግጥ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ሰርቪሱ 10 ደቂቃ ከዘገየ ሾፌሩን በስልክ አሰለቸዋለሁ። አሁን እሷም ማታ ማታ «እማ፣ ቡታጋዙ ተዘግቷል?» ትለኛለች። ሆዴን አመመኝ ትላለች፣ በተለይ ሰኞ ጠዋት። ሐኪም አይቷት ምንም የለባትም ተብያለሁ።

ሳነብ፣ የሥነ ልቦና ሰዎች ባሕርይን በ5 ዋና ዋና ነገሮች ይለኩታል፤ ለጭንቀት ቅርብ መሆን አንዱ ነው። ከፊሉ በዘር ይወረሳል፣ ከፊሉ ከኑሮ ይመጣል ይላሉ። እናቴ «በአንቺ ነዋ የወጣችው» ብላ ትስቃለች። እኔን ግን አላሳቀኝም። ዘሩን መቼም አልቀይረውም፤ ከእኔ አይታ የምትማረውንስ? ፊቷ ላለመጨነቅ ስታገል ጭራሽ «እማ ምን ሆነሻል?» ትለኛለች፣ ልጅ እኮ አይሸወድም።

አባቷ ረጋ ያለ ነው፣ እሱ ሲያስጠናት አታለቅስም። ጥናቱን ለእሱ ልተውለት ወይስ መሸሽ ይሆንብኛል? በዚህ ያለፋችሁ ወይም የልጆች ሥነ ልቦና ባለሙያ የሆናችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ መጀመሪያ መታከም ያለብኝ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?