ጆሮ የሚበሳ ድምፅ፦ ጥፋቱ የገመዱ ነው?

ጠያቂው፦ ቤቴ ያለው ስፒከር ድምፁን ከፍ ሳደርገው ጆሮዬን ይበሳኛል። ማሲንቆ ሲሆን ይብሳል። ሻጩ «የብር ገመድ ግዛ፣ ይለሰልስልሃል» አለኝ። ዋጋው ከአምፑ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ ይበልጣል። ልግዛው?

ገመድ ወዳዱ፦ ግዛው። እኔ ቀይሬ ልዩነቱን ሰምቻለሁ። የገዛ ጆሮዬን አላምን?

ሳውንድማኑ፦ ወንድሜ፣ መስማትህን አልክድም። ግን ከገመዱ ነው ወይ? እስቲ እናስላው። 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ፣ 3 ሜትር ርቀት፣ ደርሶ መልስ 6 ሜትር። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን፣ 0.07 ኦም ገደማ ነው። ስፒከሩ 8 ኦም ከሆነ የድምፁ ለውጥ 0.1 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) እንኳ አይሞላም። ብር ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከመዳብ የሚበልጠው በ6 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ወፈር ያለ መዳብ ያካክሰዋል። ጆሯችን በጣም ንቁ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ (በሰከንድ የንዝረት ብዛት) ላይ ነው። የሚበሳውም በአብዛኛው እዚያ የበዛ ድምፅ ነው። የስፒከር ገመድ እሱን ብቻ ነጥሎ አያጎላም።

ጠያቂው ደግሞ «ከፍ ሳደርገው» ብሏል። ቁልፉ እሱ ይመስለኛል። አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል። ክሊፕ አደረገ የምንለው ነው። ያኔ ድምፁ ይሻክራል።

ገመድ ወዳዱ፦ ታዲያ እኔ የሰማሁት ምን ነበር?

ሳውንድማኑ፦ አሮጌው ጫፉ ዝጎ ወይም ላልቶ ከነበረ ለውጡ እውነት ነው። አዲስ ሲሰካ ግንኙነቱ ይጠራል። ይህን ግን አዲስ ጫፍ ልጦ ማጥበቅም ያደርገዋል። ሌላ ሰው አንተ ሳታይ 10 ጊዜ ያገናኝልህ፤ የትኛው ገመድ እንደሆነ በሳንቲም ይወስን። የድምፁ መጠን እኩል ይሁን። 9ኙን ካወቅክ እኔ ተሸነፍኩ።

ጊታሪስቷ፦ ገመድ ምንም አያመጣም ግን አትበሉ። ጊታሬ ላይ ረጅም ገመድ ስሰካ ቀጭኑ ድምፅ ይደበዝዛል። አንዳንዴ የመብራቱ የ50 ኸርዝ ጉምታም ይገባበታል። ይደበዝዛል እንጂ ግን አይሻክርም። ይልቅ ክፍሉ እንዴት ነው?

ጠያቂው፦ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ነው። አሁን ምንጣፍ አንጥፌ ወፍራም ጋቢ ሰቀልኩ። በመጠኑ ረገበ። ከፍ ሳደርገው ግን ያው ይቧጭራል።

ሳውንድማኑ፦ እንግዲህ የደከመው አምፑ ሳይሆን አይቀርም። የገመዱን ገንዘብ ለእሱ አስቀምጥ።

ገመድ ወዳዱ፦ እኔም ቅዳሜ ልጄ ታገናኝልኛለች። 10ሩንም ውጤት እዚሁ እጽፋለሁ።