ለአባባ ተስፋዬ የቱ ይቅደም? ሐውልት ወይስ ካሴቶቻቸው?

የጎረቤት ቲቪ ልጅ፦
ትናንት አንድ ወንድማችን ለአባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሳህሉ) ሐውልት ይቁምላቸው ብሎ ጽፎ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ይኼ ሐሳብ ደጋግሞ ይነሳል። እኔ ግን መጀመሪያ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያቀረቡት የልጆች ፕሮግራም ካሴቶች ለሕዝብ ይውጡ ባይ ነኝ።

እኛ ሰፈር ቲቪ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን መሬት ላይ እንደረደራለን። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን በእውነት የሚያዩን ይመስለን ነበር። እኔ ለሰላምታቸው ብድግ ብዬ ነበር መልስ የምሰጠው። ያንን ፊትና ያንን ድምፅ ድንጋይ አይመልስልኝም። ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን ሰብስበው ተረት አስነግረዋል። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ፈልጌ የማገኘው ግን የተቆራረጠ ነገር ነው።

የመድረክ ወዳጅ፦
እኔ በዚህ አልስማማም። እባካችሁ እሳቸውን የልጆች ፕሮግራም አቅራቢ ብቻ አታድርጓቸው። ቴሌቪዥን በ1957 ሲመጣ እሳቸው የታወቁ ተዋናይ ነበሩ። ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው ሴት ሆነው ተጫውተዋል። ኮሪያ የዘመተውን የቃኘው ሻለቃ ጦር ሊያዝናኑ እዚያ ድረስ ሄደዋል። ይኼን በየትኛው ካሴት ታገኘዋለህ? ያኔ የሚቀርጽ አልነበረም። ብሔራዊ ቴአትር ጋ ካለው የአንበሳ ሐውልት አጠገብ ቢቆሙ፣ የሚያልፍ ልጅ «እኚህ ማን ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል። ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

የስልቨር ስፕሪንግ እናት፦
የእኔ ልጅ በዚያ አታልፍም ወንድሜ፣ እኛ ያለነው አሜሪካ ነው። ሰባት ዓመቷ ነው። «ተረት ተረት» ስላት «የላም በረት» ትለኛለች፣ አስተምሬያታለሁ። ግን ከእኔ ሌላ በአማርኛ ተረት የሚነግራት ሰው የለም። የእሷ እኩዮች እሳቸው ፊት ቁጭ ብለው ሲተርቱ ብታይልኝ ምን ነበረበት?

ቪዲዮ ቤት የሠራሁ፦
በሙያዬ ልናገር። ካሴት ዝም ብሎ አይቀመጥም። ላዩ ላይ ያለው ማግኔት ይላጣል፣ ሻጋታ ይይዘዋል። ማጫወቻው መመረት ካቆመ ቆይቷል፣ ሲበላሽ መለዋወጫ የለም። ዩኔስኮ እንኳ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ወደ ዲጂታል ያልተገለበጠ ሊጠፋ ይችላል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ቢቢሲን የሚያህል ጣቢያ በካሴቱ ላይ ሌላ እየቀዳ ስንቱን ድራማ አጥቷል። ሐውልቱ ከአሥር ዓመት በኋላም ይሠራል። ካሴቱ ግን አይጠብቀንም።

መምህርቷ፦
ይውጣ እሺ። ግን ሁሉም እንዳለ? ልጅ እኮ ቤቱ የሰማውን ነው ይዞ የሚመጣው። ሰውን በዘሩ ወይም በአካሉ የሚያንኳስስ ተረት ስንት አለ! አባባ ተስፋዬም ከጣቢያው የተሰናበቱት አንድ ልጅ በተናገረው ተረት ሰበብ ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሳልመርጥ አላሳይም።

የጎረቤት ቲቪ ልጅ፦
ልክ ነሽ እህቴ፣ ለልጆች የሚታየው ይመረጥ። የሚቀመጠው ግን ምንም ሳይቆረጥ ይቀመጥ። ያኔ ምን እንደምንተርት ማወቅ አለብን፣ የሚያሳፍረንንም ጭምር። ያንን ተረት እሳቸው አልፈጠሩትም። ዕድሜ ልካቸውን ለልጆች የለፉ ሰው እንደዚያ መሰናበታቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የመድረክ ወዳጅ፦
እኔም ያንገበግበኛል። ለዚህ እኮ ነው አደባባይ ላይ በክብር ይቁሙ የምለው። ካሴቱን አልጠላሁም። ግን ካሴት መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ይቅርታ በአደባባይ ነው።

የቄራ ልጅ፦
አባቴ ከቲቪ የቀዳው አንድ ቪኤችኤስ እኔ ቤት አለ። ላዩ ላይ በእጁ «የልጆች ሰዓት» ብሎ ጽፎበታል። ማጫወቻ ስለሌለኝ አይቼው አላውቅም።

ቪዲዮ ቤት የሠራሁ፦
አደራሽን፣ ያገኘሽው ማሽን ውስጥ እንዳትከቺው! ሻጋታ ካለው ይበጠሳል። ደረቅ ቦታ፣ እንደ መጽሐፍ አቁመሽ አስቀምጪው። የእኔ ማጫወቻ እስካሁን ይሠራል። ቅዳሜ ይዘሽልኝ ነይ፣ በነፃ እገለብጥልሻለሁ።