የራስ ክፍያ ማሽን መሀል ላይ ለምን ይቆማል?

ጠያቂ
እህት ወንድሞች፣ ደንበኛው ራሱ ባርኮድ እያስነበበ የሚከፍልበት ማሽን ላይ ጥያቄ አለኝ። ሦስት አራት ዕቃ ካለፈ በኋላ «ያልታወቀ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ አለ» ብሎ ቀጥ ይላል፤ ሠራተኛ መጥቶ ካልከፈተው አይንቀሳቀስም። ምን ሲነካው ነው? ባርኮድ የሌላቸውን አትክልትና ፍራፍሬስ ሥዕል ለሥዕል ሳልፈልግ የማስገባበት ዘዴ አለ?

ሚዛን አዋቂ
ጣጣው ያለው ስካነሩ ላይ ሳይሆን ዕቃ የምታስቀምጥበት ጠረጴዛ ሥር ነው። እዚያ ሚዛን አለ። እያንዳንዱ ባርኮድ በሱቁ መዝገብ ውስጥ የራሱ ክብደት አለው፤ ማሽኑ ባርኮዱን ካነበበ በኋላ ያ ክብደት ሚዛኑ ላይ እስኪጨመር ይጠብቃል። ከበለጠ፣ ካነሰ ወይም ከዘገየ ይቆማል። በክርን መደገፍ፣ የእጅ ቦርሳ ማሳረፍ፣ የሞላ ፌስታል ሳይከፈል ማንሳት፣ ሁሉም ለእሱ «ተጨመረ» ወይም «ጎደለ» ነው።

የራስህን ከረጢት ይዘህ ከሆነ መጀመሪያ «የራሴ ከረጢት» የሚለውን ተጫን፤ ከዚያ ባዶውን አስቀምጥና ስክሪኑ ቀጥል እስኪልህ ጠብቅ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ገና ሳትጀምር ይቆልፍብሃል። ጥቂት ግራም ብቻ የሚመዝን ነገር፣ ለምሳሌ ፖስታ ካርድ፣ ሚዛኑ ላይሰማው ይችላል፤ የማሽኑ ግድግዳ ላይ እንዳይደገፍ መሀል ላይ አስተኛው።

አንዳንዴ ጥፋቱ የሱቁ ነው፦ አምራቹ ማሸጊያውን ይቀይርና መዝገቡ ላይ የድሮው ክብደት ይቀራል። ያኔ ሠራተኛ ጥራ እንጂ ዕቃውን እያነሳህ አትመልስ፤ ነገሩን ታባብሰዋለህ።

ቁጥር በቃሉ
ለፍራፍሬው፦ ላዩ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ወረቀት ተመልከት። ባለ 4 አኃዝ ቁጥር አላት፤ የተለመደው ሙዝ 4011 ነው። 9 ከፊቱ ተጨምሮ 94011 ከሆነ ያለ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ የተመረተው ነው፣ ዋጋውም ሊለይ ይችላል። ቁጥሩን መጻፍ ሥዕል ከመፈለግ ይፈጥናል። ስትመዝን የፌስታሉ ጫፍ ከስካነሩ መስታወት (ፍራፍሬው የሚመዘነው እዚያ ላይ ነው) ወጥቶ ጠርዙ ላይ እንዳያርፍ፤ ካረፈ ክብደቱ ይዛባል።

የተቀደደ ባርኮድ የተሳሳተ ዋጋ ያመጣል ብለህ አትስጋ። ከ13ቱ አኃዞች የመጨረሻው በሌሎቹ 12 ተሰልቶ የሚገኝ መቆጣጠሪያ ስለሆነ፣ አንዱ አኃዝ ከተሳሳተ ማሽኑ ጭራሽ አይቀበለውም። ከሥሩ ያለውን ቁጥር በእጅህ አስገባ።

ይልቅ የሚያስከፍልህ የቅናሽ ወረቀት ነው። አዲሱ ባርኮድ ከላይ ተለጥፎ አሮጌው በጎን ከታየ፣ ስካነሩ ከሥርም ከፊትም ስለሚያይ አሮጌውን ቀድሞ ሊይዝና ሙሉ ዋጋ ሊቆጥር ይችላል። አሮጌውን በመዳፍህ ሸፍነህ አሳልፍ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ዋጋም እይ።

ተቃዋሚ
ሚዛን አዋቂ ያለው ልክ ነው፣ ግን ሁሉም ቦታ አይሠራም። ሚዛኑን አጥፍተው ከላይ በካሜራ የሚከታተሉ ሱቆች አሉ። እነዚያ ላይ ማሽኑን የሚያስቆመው ሁለት ዕቃ ደርቦ ማሳለፍ ወይም ጋሪ ውስጥ ዕቃ ማስቀረት ነው። «ጢጥ» የሚለውን ድምፅም ስማ፦ ለአንድ ዕቃ ሁለቴ ካለ ሁለቴ ቆጥሮብሃል፤ ብዙ ማሽን ላይ ደግሞ ያለ ሠራተኛ አይሰረዝም። የዕድሜ ማረጋገጫ የሚፈልግ ዕቃ ካለህ መጀመሪያ አስነብበው፣ ሠራተኛው እስኪደርስ ሌላውን ማስነበብ የሚፈቅድ ማሽን ሊሆን ይችላል።

ጠያቂ
ከረጢቱ ሳልጨርስ ቢሞላስ?

ሚዛን አዋቂ
«ከረጢት ቀይር» የሚል ቁልፍ ካለ ሳታነሳው በፊት ተጫነው። ከሌለ እዚያው ሚዛኑ ላይ ገፋ አድርገህ ሌላ ከጎኑ አስቀምጥ፤ መንሸራተት ክብደት አይቀይርም።