4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነውን? ያለ ኮምፒውተር እንዴት ይረጋገጣል?

ጠያቂ (የሒሳብ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለሒሳብ ክበባችን ተማሪዎች 2 በ32 ርቢ ሲደመር 1፣ ማለትም 4,294,967,297፣ ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) መሆን አለመሆኑን እንዲመረምሩ ሰጥቻቸዋለሁ። የአኃዞቹ ድምር 59 ስለሆነ ለ3፣ መጨረሻው 7 ስለሆነም ለ2 እና ለ5 እንደማይካፈል አይተው፣ እስከ 100 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ቢሞክሩም አካፋይ አላገኙለትም። ስኩዌር ሩቱ ከ65,536 እጅግ በጥቂቱ ስለሚበልጥ፣ እስከዚያ ያሉትን 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች በሰሌዳ ላይ መፈተን የሚታሰብ አይደለም። አጭር መንገድ ካለ እንድትጠቁሙኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1 (ከቡሬ)፦
መምህር፣ ብቸኛ አይደለም። ፌርማ የተባለው ፈረንሳዊ 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ብቸኛ መሆናቸውን አይቶ ተከታያቸው የሆነው የእርስዎ ቁጥርም እንዲሁ ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር፤ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1732 ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋዮች ሁሉ ለ64 ሲካፈሉ 1 ይቀራቸዋል፤ ስለዚህ እንዲህ ካሉት ብቸኛ ቁጥሮች 193፣ 257፣ 449 እና 577 ከተሞከሩ በኋላ አምስተኛው ሙከራ 641 ነው። ድርሻውም 6,700,417 ይሆናል።

መልስ 2 (ከቢቸና)፦
ማካፈሉን ሳይሠሩ ቀሪውን ብቻ በመከተል ማሳየት ይቻላል፤ ዓመተ ዓለሙን ለ19 አካፍሎ ከቀሪው ወንበር የተባለውን የዘመን መቁጠሪያ ቁጥር የሚያወጣ የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር) ተማሪ ይህን አካሄድ አይስተውም። 641 ማለት 5 ጊዜ 128 ሲደመር 1 ስለሆነ፣ 5 ጊዜ 2 በ7 ርቢ ለ641 ሲካፈል ቀሪው እንደ −1 ይቆጠራል። ይህን አራት ጊዜ በራሱ ብናባዛው፣ 5 በ4 ርቢ ጊዜ 2 በ28 ርቢ ቀሪው 1 ይሆናል። በሌላ በኩል 641 የ625 እና የ16 ድምር በመሆኑ፣ 5 በ4 ርቢ በቀሪ ሒሳብ ከ −16፣ ማለትም ከ2 በ4 ርቢ ኔጌቲቭ፣ ጋር እኩል ነው። በቦታው ስንተካው የ2 በ32 ርቢ ቀሪ −1 ይሆናል፤ 1 ሲደመርበት ምንም አይቀርም። በእኔ አስተያየት ለሰሌዳ ከዚህ የሚሻል ማረጋገጫ የለም።

ጠያቂ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። 6,700,417 ራሱስ ብቸኛ ነውን?

መልስ 3 (ከዳንግላ)፦
ነው። ኋላ የሒሳብ ሊቁ ሉካስ እንዳጠበበው የቁጥርዎ ብቸኛ አካፋዮች ለ128 ሲካፈሉም 1 ይቀራቸዋል፤ የ6,700,417 ስኩዌር ሩት ደግሞ 2,589 እንኳ አይሞላም። በዚህ ክልል የሚገኙት እንዲህ ያሉ ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ሲሆኑ፣ 6,700,417 ለእነርሱ ሲካፈል የሚተርፉት በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ናቸው። እንግዲህ የቁጥርዎ አካፋዮች 1፣ 641፣ 6,700,417 እና ራሱ ብቻ ናቸው። ለጎበዞቹ ተማሪዎች ሌላ መንገድ ቢፈልጉ፣ ቁጥሩ የ65,536 እና የ1 ካሬዎች ድምር ሲሆን፣ የ62,264 እና የ20,449 ካሬዎች ድምርም ነው፤ በሁለት የተለያዩ መንገዶች የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ የሚጻፍ ቁጥር ደግሞ ብቸኛ ሊሆን አይችልም።